የራስ ምታት ክኒን በወር ስንት ቀን?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ራሱን አሞት ፋርማሲ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ፍሬ ፓራሲታሞል ወይም ዲክሎፌናክ ገዝቶ ይሄዳል። በዚህ ወር ስንት ቀን ክኒን እንደዋጠ ግን የሚጠይቀው ጥቂት ነው። እኛ የመድኃኒት ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ስለዚሁ ጥያቄ ነው፤ ማስታገሻ ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት ያመጣልና።

ቀድሞም ራሱን የሚያመው ሰው ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፊን ወይም አስፕሪን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ እየወሰደ ከ3 ወር ካለፈ፣ ሕመሙ በማስታገሻው ምክንያት እየተመላለሰ ሊሆን ይችላል። ትራማዶል ወይም ኮዴይን (ጠንካራ ማስታገሻዎች)፣ ኤርጎታሚን (የማይግሬን መድኃኒት) ወይም ካፌይን የተቀላቀለበት ማስታገሻ ከሆነ ገደቡ ወደ 10 ቀን ይወርዳል። የሚቆጠረው ቀኑ ነው፤ በአንድ ቀን አንድ ፍሬም ተዋጠ ሦስት ያው አንድ ቀን ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ጠዋት ሲነሳ ራሱን ይይዘዋል፤ ክኒኑን ሲውጥ ለጥቂት ሰዓት ቀለል ይልለትና ይመለስበታል። መፍትሔው ማቆም ነው። ፓራሲታሞልንና አይቡፕሮፊንን በአንድ ጊዜ መተው ይቻላል፤ ትራማዶልን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ግን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። ካቆሙ በኋላ ከ2 እስከ 10 ቀን ሕመሙ ይብሳል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ክኒኑ የሚመለሰው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ይህን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ዓይነቱን መለየትም ያስፈልጋል። ራስን በሻሽ ጠፍንገው ያሰሩት ያህል ግራና ቀኙን የሚጨመድድ፣ ደረጃ ሲወጡ የማይብስ፣ ማስመለስ የሌለበት ሕመም ከጭንቀትና ከጡንቻ መወጠር ጋር የተያያዘው የተለመደው ዓይነት ነው። ማይግሬን ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ በኩል እንደ ልብ ትርታ ይመታል፣ ሲንቀሳቀሱ ይብሳል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል፣ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። በእኛ አገር ይህን ሕመም «ሳይነስ ነው» ብሎ አሞክሲሲሊን መግዛት የተለመደ ስሕተት ነው። ሳይነስ አፍንጫን ይደፍናል፣ ወፍራም ፈሳሽ ያመጣል፤ ለዓመታት እየተመላለሰ የሚያስመልስ ራስ ምታት የሳይነስ ጠባይ የለውም።

ለማይግሬን አዋቂ ሰው 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፊን ወይም 1000 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ሕመሙ እንደጀመረ መውሰድ ይችላል። ከዘገየ ጨጓራው ሥራውን ስለሚያዘገይ ክኒኑ ቶሎ ወደ ደም አይገባም። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር አይቡፕሮፊንና ዲክሎፌናክ ትተው ፓራሲታሞል ይውሰዱ፤ እሱም በቀን ከ4 ግራም አይበልጥም። ኤርጎታሚንን ከሪቶናቪር (የኤችአይቪ መድኃኒት) ወይም ከክላሪትሮማይሲን (አንቲባዮቲክ) ጋር መውሰድ የደም ሥርን አጥብቆ እጅና እግርን እስከማሳጣት ይደርሳል፤ ስለዚህ ሌላ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለፋርማሲው ተናገሩ። ሕመሙ በወር 4 ቀንና ከዚያ በላይ ከሥራ የሚያስቀር ከሆነ ሐኪም በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ፣ ለምሳሌ ፕሮፕራኖሎል ወይም አሚትሪፕቲሊን፣ ያዝዛል። ፕሮፕራኖሎል ለአስም ሕመምተኛ አይሆንም። በሁለት ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብሎ መተውም አይገባም፤ ለመመዘን ሁለት ወር ያህል ያስፈልጋል። ከሕመሙ በፊት ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚልባት ሴት ደግሞ ኢስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ከመጀመሯ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፤ የስትሮክ አደጋን ይጨምራል።

የጾም ሰሞን ራስ ምታት አንዱ ምክንያት የቡና መቅረት ነው። በየቀኑ ሁለት ሦስት ስኒ የለመደ ሰው በድንገት ሲያቆም በ24 ሰዓት ውስጥ ሕመሙ ይጀምረዋል፣ እስከ ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ዐቢይ ጾም ወይም ረመዳን ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ በየሦስት ቀኑ አንድ ስኒ እየቀነሱ መምጣት ይህን ያቀላል።

ከሰል በተያያዘበት ዝግ ቤት ውስጥ የተቀመጡት ሁሉ አብረው ራሳቸውን ካመማቸው የጭሱ መርዝ ነውና ክኒን ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ። በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ ውጡ፣ የደከመ ወይም ራሱን የሳተ ካለ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

በደቂቃ ውስጥ ከመቼውም በላይ የከፋ ሕመም፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር (ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል)፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ ራስ ምታት፣ ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ ባለ ሰው ላይ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፤ እነዚህ በማስታገሻ አይሸፈኑም። እርግዝናዋ ከ20 ሳምንት ያለፈ ወይም ከወለደች ስድስት ሳምንት ያልሞላት ሴት ራሷን አጥብቆ ካመማት በዚያው ቀን ደም ግፊቷ ይለካ፤ 140/90 ከደረሰ ቤቷ አትመለስ፣ ወደ ሆስፒታል ትሂድ።

ከአክብሮት ጋር፣
በፋርማሲ የሚሠሩ የመድኃኒት ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ