ባልሃም ቤት አገኘሁ ላልሽኝ

ልጄ፣

ባለፈው እሁድ ደውለሽ «እማዬ፣ ባልሃም ቤት አገኘሁ» ስትዪኝ ዝም ያልኩት በኪራዩ አይደለም። ኪራዩም አስደንግጦኛል፣ እሱን ስንገናኝ እናወራዋለን። ዝም ያልኩት የባልሃም ባቡር ጣቢያ ትዝ ብሎኝ ነው።

ሕፃን ሳለሽ በቲዩብ፣ ማለት በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች የሌሊት ጽዳት እሠራ ነበር። ወደ ዋሻው የምንገባው የመጨረሻው ባቡር አልፎ፣ ከሐዲዱ ላይ ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ ነው። እኔ ልማዴ ነው፣ ከመግባቴ በፊት አማትባለሁ። አንድ ሌሊት ባልሃም ላይ ሳማትብ ያየኝ ሽማግሌ ባልደረባችን «እዚህስ ደግ አደረግሽ» አለኝ። ለምን ስለው፣ ጣቢያው በጦርነቱ ጊዜ በቦምብ እንደተመታ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖርኩ።

ኦክቶበር 14 ቀን 1940 ነው፤ በእኛ ጥቅምት 4 ቀን 1933። ጀርመኖች ለንደንን ከሴፕቴምበር 7 ጀምሮ በቦምብ ይደበድቧታል፤ 57 ሌሊት በተከታታይ። ሰዉ ወደ ምድር ባቡሩ ሸሸ። መንግሥት መጀመሪያ አልፈቀደም። ባቡሩ ሥራውን ይሥራ፣ ሕዝቡ አንዴ ከገባ አልወጣም ይላል ብሎ ፈርቶ ነበር። ሕዝቡ ምን አደረገ መሰለሽ? በጥቂት ሳንቲም የአጭር ጉዞ ትኬት ቆረጠ፣ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ወረደ፣ በቃ እዚያው ቀረ። ትኬት የቆረጠን መንገደኛ ማን ያስወጣዋል? እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌ ያስቀኛል፤ የእኛ ሰው የመከራቸው ይመስላል። በሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ በአንድ ሌሊት ታች ያደረው ሰው ሲቆጠር ወደ 177,000 ደረሰ።

ባቡሩ ግን አልቆመም። ፕላትፎርሙ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ተሰመረ። ሰው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት የሚያድረው ሁሉ ከጠርዙ 8 ጫማ ይርቃል። መንገደኛው ሲቀንስ እስከ 4 ጫማ ድረስ መጠጋት ይችላል። ልጅ አቅፋ የተቀመጠች እናት፣ ከፊቷ ባቡር፣ ከባቡሩ የሚወርደው ሰው ደግሞ የተኙትን እየተራመደ ያልፋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን ባቡሩ ያበቃል፣ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል። ያንን ጸጥታ እኔ አውቀዋለሁ። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሲያንኮራፋበት ግን ምን እንደሚመስል እንጃ።

ሹማምንቱ ከሁሉ በላይ የፈሩት ቴምስን ነበር። ወንዙ ሥር ያለው ዋሻ በቦምብ ከተበሳ መስመሩ በሙሉ ይጥለቀለቃል። ስለዚህ ከባድ የብረት በሮች አስገጠሙ። የአደጋ ጥሩንባ ሲነፋ በሮቹ ይዘጋሉ፣ ባቡሩም ወንዙን ሳይሻገር ይቀራል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ባልሃም ግን ወንዝ የለም።

በዚያ ሳምንት ሦስት ጣቢያ በሦስት ሌሊት ተራ በተራ ነው የተመታው። በ12 ትራፋልጋር ስኩዌር፣ በ13 ባውንድስ ግሪን፣ በ14 ባልሃም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ 1,400 ኪሎ የሚመዝን ቦምብ ከጣቢያው በላይ መንገዱ ላይ ወደቀ። አስፋልቱን በስቶ ዘለቀና ሁለቱን ፕላትፎርሞች ከሚያገናኘው መተላለፊያ በላይ ፈነዳ። በመንገዱና በዋሻው መካከል ደግሞ የከተማው ውሃና ፍሳሽ የሚያልፍባቸው ትልልቅ ቱቦዎች አሉ። እነሱ ፈረጡ። ውሃ፣ ጭቃና አፈር ሰዎቹ ወደተኙበት ወረደ፣ መብራቱም ጠፋ። ከወንዙ የተጠበቀው ውሃ ከቧንቧ መጣ።

ላይ መንገዱ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ አውሮፕላን እንዳያይ መብራት ክልክል ነበር። አንድ 88 ቁጥር አውቶቡስ ጉድጓዱን ሳያይ ገባበት። ፎቶውን አይተሽው ይሆናል፣ ሁሉም የሚያውቀው ያንን ነው። ሰው አውቶቡሱን ያያል፣ ከአውቶቡሱ ሥር ማን እንደነበር አይጠይቅም።

ከ400 በላይ ሰው አመለጠ። ከ60 በላይ ግን እዚያው ቀረ። በክላፋም ኮመንና በቱቲንግ ቤክ ጣቢያዎች መካከል መስመሩ ተቆረጠ፤ ዋሻው ተጠርጎ ጣቢያው እስኪከፈት ጃንዋሪ 1941 ደረሰ። ያው ወር ጃንሆይ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው አገራቸው የገቡበት ነው። ይሄን ለአባትሽ ስነግረው ቡናው እስኪበርድ ድረስ ስለ ኦሜድላ አወራኝ፣ ባልሃምን ረሳናት።

ጃንዋሪ 11 ላይ ደግሞ ባንክ የሚባለው ጣቢያ ተመታ። ትኬት መቁረጫው ከመንገዱ ብዙም ያልራቀ ስለነበር መስቀለኛው መንገድ ተደርምሶ ገባ። በጉድጓዱ ላይ ጊዜያዊ ድልድይ ዘርግተው መኪና አሳለፉበት።

አሁን ባልሃም ትኬት መቁረጫው አዳራሽ ውስጥ የመታሰቢያ ሰሌዳ አለ። በፈረንጆቹ 2000 የተሰቀለው 64 ሰው ሞተ ይል ነበር። የጦር ሙታን መዝገብ ግን ከዚያ ይለያል። በፈረንጆቹ 2010 ሲቀይሩት የሟቾቹን ቁጥር ሳይጽፉ ተዉት። እኔ ስሠራ በነበረበት ጊዜ ቁጥሩ ገና አልተነሣም ነበር፣ ሰሌዳውንም በጨርቅ እወለውለው ነበር።

ቅዳሜ እንጀራና ሽሮ ይዤ እመጣለሁ። በር ላይ አትጠብቂኝ፣ ሰሌዳው ጋ ቁሚ።

እናትሽ