ቡሽ በጀርመንና በእኛ ሰፈር

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፦

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባለፈው በስልክ «ያ ቡሽ የኤድሱን መድኃኒት የላከልን ሰው አይደል እንዴ? ፈረንጆቹን ምን አድርጓቸው ነው እንዲያ የጠሉት?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። ጥያቄው ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ በጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የሚገርመው፣ ያስወደደውም ያስጠላውም ነገር አንድ ንግግር ውስጥ ነበር። ያኔ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ጃንዋሪ 28 ቀን 2003 የአገሩ ምክር ቤት፣ ኮንግረሱ ፊት ቆሞ ለኤድስ በአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር ይመደብ አለ። እዚያው ላይ ደግሞ የኢራቁ መሪ ሳዳም ሁሴን ለኑክሌር መሣሪያ የሚሆን ዩራኒየም ከአፍሪካ ሊገዛ ሞክሯል አለ። ገንዘቡ ተመደበ፤ ኢትዮጵያም ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚ አገሮች አንዷ ሆነች። የዩራኒየሙን ወሬ ግን ዋይት ሐውስ ራሱ ጁላይ ላይ «ንግግሩ ውስጥ መግባት አልነበረበትም» ብሎ አመነ። ያን ጊዜ ጦሩ ባግዳድ ከገባ ወራት አልፈውታል።

ጀርመኖች ጦርነት ስለሆነ ብቻ አልጠሉትም። በ2001 ለአፍጋኒስታኑ ዘመቻ እነሱም ወታደር ለመላክ ወስነዋል። ልዩነቱ የመጣው ሳያማክራቸው በመወሰኑ ነው። ቡሽ በማርች 2001 የኪዮቶን የአየር ንብረት ስምምነት ጣለው፤ በጃንዋሪ 2002 የጓንታናሞን እስር ቤት ከፈተ፤ በሜይ 2002 አሜሪካ በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ስምምነት ላይ ያኖረችውን ፊርማ አነሳ። ኢራቅ ስትመጣ አውሮፓ «ይኸው ደግሞ ሳይጠይቀን» ለማለት ዝግጁ ነበር። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2003 በሮም፣ በለንደንና በማድሪድ ሕዝቡ ጦርነቱን ተቃውሞ አደባባይ ወጣ፤ እሱ ግን ያለ ጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ በማርች ዘመተ። ሳዳም አለው የተባለው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያም ታጣ። በኤፕሪል 2004 ኢራቅ ባለው የአቡ ግራይብ እስር ቤት የአሜሪካ ወታደሮች እስረኞችን ሲያሰቃዩ የሚያሳዩ ፎቶዎች ሲወጡ ደግሞ ምንም ዓይነት ቃል አቀባይ የሚያስተባብለው አልሆነም። 

ፒው የሚባለው የጥናት ተቋም በየአገሩ አንድ ሺህ ገደማ ሰው እየጠየቀ ይለካዋል። በዓለም ጉዳይ ቡሽ ትክክለኛውን ያደርጋል ብለው የሚተማመኑ ጀርመኖች በ2008 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት በታንዛኒያ 60፣ በናይጄሪያ 55 በመቶ ናቸው። እነዚያ ዘንድ የደረሰው መድኃኒቱ ነው፤ ጀርመን ዘንድ የደረሰው የኢራቅ ጣጣ ነው።

ሬዲዮዎ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያነብ፣ የተጠየቀው ስለ መሪው ነው ወይስ ስለ አገሩ? እሱን ልብ ይበሉ፤ ጋዜጠኞች ሁለቱን ያምታቷቸዋል። ኦባማ በ2009 ሲገባ በጀርመን በመሪው መተማመን ከ14 ወደ 93 ዘለለ፤ ለአሜሪካ ያለው በጎ አመለካከት ግን ከ31 ወደ 64 ነው የወጣው። ሁለት ሦስት ነጥብ ከፍ ዝቅ ማለቱን ደግሞ ከቁም ነገር አይቁጠሩት፤ አንድ ሺህ ሰው ሲጠየቅ ያን ያህል ስሕተት ያለ ነው።

ቱርክ ለብቻዋ ናት። እዚያ ኦባማም ብዙ አላዳነም፤ ለአሜሪካ ያለው በጎ አመለካከት ከ12 ወደ 14 ብቻ ነው ፈቀቅ ያለው። ጦርነቱ ከድንበሯ ማዶ ነበር። የሰሜን ኢራቅ ኩርዶች መጠናከር አስግቷታል። በጁላይ 2003 የአሜሪካ ጦር ሱሌይማኒያ በምትባል የሰሜን ኢራቅ ከተማ የቱርክ ወታደሮችን ይዞ ራሳቸው ላይ ከረጢት አጥልቆ ወስዷቸዋል። ያንን ውርደት ቱርኮች የቆጠሩት በቡሽ ስም ሳይሆን በአሜሪካ ስም ስለሆነ፣ ሰውዬው ሲሄድ አብሮት አልሄደም።

የደም ግፊቱን መድኃኒት እንዳያቋርጡ። ለእማማ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

ልጅዎ