ጉጉቷና ያንተ ዓይን

ደብረ ሲና፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም.

ወንድም ዓለም፣

እንደምን ከረምክ? ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልህ ቀረሁ። ሰበብ አልደረድርም፤ ስንፍና ነው። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንዲት ጉጉት ናት። አትሳቅ።

ባለፈው ወር ከጣርማበር በጉም ስወርድ፣ ከፊቴ የነበረ አይሱዙ ገጭቷት ሄደ። በጋቢዬ ጠቅልዬ አመጣኋት። ባለቤቴ «ሟርተኛ ወፍ ቤቴ አትገባም!» አለች። ጭድ ቤት አስቀመጥኳት። ለካ ለተጎዳ ወፍ ጨለማና ጸጥታ ነው መድኃኒቱ፤ ሳታውቀው ረዳችኝ።

ደም የለም፣ ክንፏ ደህና ነው። በማግስቱ ልለቃት ነበር። ግን ግራ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፣ አንገቷንም ታዘነብላለች። ደብረ ብርሃን የእንስሳት ሐኪም የሆነውን የእህቴን ልጅ ጠራሁት። ከአፍንጫዋ በኩል ብቅ ብሎ ዓይኗን ሸፍኖ የሚመለሰውን ስስ ቆዳ «ይኸው በሽታው» ብዬ አሳየሁት። ሳቀብኝ። ሦስተኛው የዓይን ቆቧ ነው፣ ጤና ነው።

ጉዳቱ ዓይኗ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል ነበር። የጉጉት ዓይን እንደኛ ድቡልቡል አይደለም፤ ቱቦ መሰል ነው፣ በአጥንት ቀለበት ስለታሰረ ከቦታው አይንቀሳቀስም። አንገቷን እንደዚያ የምታዞረውም ለዚሁ ነው። ስትመታ ውስጥ ውስጡን ይደማል፣ ከውጭ ምንም አይታይም። ባትሪ ሲያበራባት ብሌኗ ጠበበ። «ታያለች!» ስል፣ «ጋሼ፣ እንዳያምኗት፤ ወፍ ብሌኗን በፈቃዷም ታጠባለች» አለኝ። ቀጥሎ ቀለም የተነከረ ወረቀት በሳላይን (በንጹሕ የጨው ውሃ) አርሶ ዓይኗን ነካ አደረገ። የዓይኗ የውጭ ሽፋን ተጭሮ ቢሆን በሰማያዊ መብራት አረንጓዴ ያበራ ነበር። ጭረት ካለ ዴክሳ (ዴክሳሜታሶን የሚባለው እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ አይነካም፣ ቁስሉን ያባብሰዋል።

እኔ እኮ ቤት ያለውን ቴትራሳይክሊን ልለቀልቃት ነበር! ቅባት ላባ ያጣብቃል፤ ላባዋ የተጣበቀ ወፍ ብርድ ይገባታል፣ መብረርም ያቅታታል። ለወፍ ጠብታ ይሻላል።

ያኔ ነው ትዝ ያልከኝ። በገና ጨዋታ ሩሯን የመታሁት እኔ፣ ያረፈችው አንተ ዓይን ላይ። እናትህ የጡት ወተት አስጨመሩልህ። «ቀላ እንጂ ምንም አልሆነ» ተባለ፤ በማግስቱ ከብት ጠበቅን። መደብዘዙን የነገርከኝ ከስንት ዓመት በኋላ ነው!

ጓሳ ላይም አንድ ዓይኑ የጠፋ ወንድ ጭላዳ አይቻለሁ። የገብስ ጠባቂ ወንጭፍ ሳይሆን አይቀርም። አሳድዶ መያዙ ከቁስሉ ይብስበታል ብዬ ተውኩት። ከመንጋው ጋር ሣሩን ይነጫል። ጭልፊት ቢሆን በአንድ ዓይን ማደን ይከብደው ነበር። ጉጉት ግን በጆሮዋም ታድናለች፤ ተስፋዬ እሱ ነው።

ትናንት ማታ ከወለሉ ተነስታ ምሰሶው ላይ ወጣች። በግራ በኩል ግን ግድግዳውን በክንፏ ገጨችው። ስለዚህ አልለቀቅኳትም። ባለቤቴ እስከ ኅዳር ሚካኤል ቀነ ገደብ ሰጥታናለች፤ የጭድ ቤቱ አይጥ ሲቀንስ ካየች ወዲህ ግን ለስለስ ብላለች።

ያንተስ ግራ ዓይን እንዴት ሆነ? ለሐኪም አሳይተኸዋል? ጻፍልኝ።

ያንተው አብሮ አደግ