ሽቦው የት ነው የሚቀመጠው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እናቴ ፔስሜከር (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ ትንሽ መሣሪያ) የተገጠመላት የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ከልቧ የላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚወርደው የኤሌክትሪክ ምልክት ጨርሶ ተቋርጦ ምቷ በደቂቃ 34 ደርሶ ነበርና ነፍሷን ያተረፈው መሣሪያው ነው። የገጠሙላትን ሐኪሞች እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። የምጽፈው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው።

በሦስተኛው ዓመት በሦስት ትራስ ካልተደገፈች መተኛት አቃታት። ማታ ካልሲዋን ሳወልቅላት እግሯን በአውራ ጣቴ ጫን ካደረግሁት ስርጉዱ ቶሎ አይሞላም። በየስድስት ወሩ ለክትትል እንሄዳለን፤ ባትሪው ይታያል፣ "በደንብ ይሠራል" ተብለን እንመለሳለን። መሣሪያው እውነትም በደንብ ይሠራ ነበር፤ የደከመው ልቧ ነው። ዘግይቶ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ስትነሣ፣ የግራው የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት የሚያስወጣው ከ60 ወደ 32 ከመቶ ወርዶ ተገኘ።

ምክንያቱን የነገረን ሌላ የልብ ሐኪም ነው። የኢሲጂውን (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራውን) ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በእስክሪብቶው ጫፍ አንዱን ሰፊ ሞገድ አሳየን፦ 180 ሚሊሰከንድ። በጤነኛ ልብ ከ120 በታች ነው። ኤሌክትሪኩን ከመሣሪያው ወደ ልብ የሚያደርሰው ሽቦ ያለው በታችኛው ቀኝ ክፍል በመሆኑ ቀኙ ቀድሞ ይኮማተራል፣ ግራው ዘግይቶ ይከተላል፤ ሁለቱ ሳይናበቡ ዓመታት ሲያልፉ ልብ ይዝላል። ሁሉም ላይ አይደርስም። ነገር ግን እንደ እናቴ እያንዳንዱን ምት ከመሣሪያው ለሚያገኝ ሰው የታወቀ ሥጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ብሎክ ኤችኤፍ የተሰኘው ጥናት፣ የልባቸው የኤሌክትሪክ ምልክት ለተቋረጠና ልባቸው ቀድሞ ለደከመ ሕሙማን ሁለቱንም ወገን የሚመታው መሣሪያ ቀኙን ብቻ ከሚመታው እንደሚሻል አሳይቷል።

ለእናቴ ተጨማሪ ሽቦ በልብ የደም ሥር በኩል ወደ ግራው ክፍል ውጫዊ ገጽ ገባላት። በማግሥቱ ሆዷ ላይ ከያንዳንዱ ምት ጋር እንደ ስቅታ የሚነጥር ነገር መጣና በጣም ደነገጥን። ኤሌክትሪኩ የድያፍራምን (ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ነርቭ እየነካ ኖሯል። ባለሙያው ቢላ ሳያነሣ፣ በኮምፒውተር ብቻ ምቱ የሚነሣበትን ነጥብ ሲቀይረው ወዲያው ቆመ። ከስምንት ወር በኋላ 32 የነበረው 46 ሆነ።

አሁን ደግሞ ሽቦውን በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ አስርጎ የግራውን የተፈጥሮ የምልክት መሥመር በቀጥታ የሚያነቃ ዘዴ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ በብዙ አገር እየተስፋፋ ነው። ለሁሉም ይሁን አልልም፤ እሱን ሐኪም ይወስን። የሚቆጨኝ መጀመሪያ ቀን ይህ ምርጫ በፊታችን አለመነሣቱ ነው። ቤተሰቡ ፔስሜከር ሊገጠምለት ቀጠሮ የያዘ አንባቢ ካለ እባካችሁ ጠይቁ፦ ልቡ ስንት ከመቶውን ጊዜ በመሣሪያው ይመታል? ሽቦው የት ይቀመጣል? ከተገጠመ በኋላስ ኢኮ መቼ ይነሣል?

ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ አሁን በየቀጠሮው የምትጠይቀው እናቴ ራሷ ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
የታካሚዋ ልጅ