የመመረቂያ ጥናታችን ውጤት ለገበሬው በሰዓቱ ይድረስ

ይድረስ ለበኩር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ በአካባቢ ጥበቃ የምመረቅ ተማሪ ነኝ፣ የመመረቂያ ሪሰርቼን የሰራሁት አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ነው፣ ስለ ዲከረንስ ዛፍና ስለ አፈሩ። ዲፌንሱም (ጥናቱን መምህራን ፊት ቀርቦ ማስረዳቱ) አልፏል እግዚአብሔር ይመስገን። የምጽፍላችሁ ግን ስለኔ ውጤት ለማውራት ብዬ ሳይሆን በየዓመቱ ጎጃም ውስጥ ስለሚሰሩት የተማሪ ጥናቶች ነው፣ ገበሬው ማሳውን ከፍቶ አፈሩን ያስወስደናል፣ ስራውን አቁሞ ቁጭ ብሎ ጥያቄያችንን ይመልስልናል፣ ከዛ በኋላ ግን ምን እንደተገኘ የሚነግረው ሰው የለም። ይሄ መስተካከል አለበት፣ ደግሞ ብዙ ብር ሳይወጣበት ሊስተካከል የሚችል ነገር ነው።

አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው፣ የፋግታና የባንጃ ገበሬ መጀመሪያ ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር አብሮ ይተክለዋል፣ ጤፉ ከታጨደ በኋላ በዛፎቹ መሀል የሚበቅለውን ሳር ለከብቱ ያጭዳል፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት ሲሞላው ቆርጦ እዛው ማሳው ላይ ያከስለዋል፣ ከሰሉ በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባል፣ መሬቱ ታርሶ እንደገና ጤፍና ችግኝ ይሆናል። ብዙዎቹ ወደዚህ የገቡት መሬቱ እህል አላበቅል ስላላቸው ነው፣ ገብስ ተዘርቶ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል፣ ማዳበሪያ ቢጨመርበትም ለውጥ የለውም። በዛፉ ስንቱ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሷል፣ ስንቱ ልጁን አስተምሯል። አሁን ግን ከተወሰኑ ዓመታት ወዲህ ዝገት የሚባለው በሽታ ገብቶ ዛፉ ቅጠሉ እየጠወለገ ከነቁመናው ይደርቃል፣ ደህና ደህና ደን የነበረው ሁሉ ሳይደርስ ተቆርጦ አልቋል። ስለዚ ገበሬው ተመልሶ ወደ እህል መሄዱ ነው፣ ሲመለስ ደግሞ የሚጠብቀው ያው የሸሸው አሲዳማ አፈር ነው።

አሲዳማ የሚባለው ምን እንደሆነ በአጭሩ፣ የኛ አገር ዝናብ ብዙ ነው፣ በብዙ ዘመን ካልሲየሙንና ማግኒዢየሙን እያጠበ ይወስደዋል። ፒኤች የሚባለው መለኪያ በ1 ሲወርድ አሲድነቱ በ10 እጥፍ ጨመረ ማለት ነው፣ ከ5.5 በታች ሲሆን አልሙኒየም እየሟሟ ስሩን ያሰናክለዋል፣ ፎስፈረሱም አፈሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። አስቡት እንግዲህ፣ ገበሬው በስንት መከራ የገዛው ማዳበሪያ ላይ ያለው ፎስፈረስ ተክሉ ጋ ሳይደርስ እዛው ይታሰራል። መፍትሄው ኖራ ነው፣ ኖራው ደግሞ በሄክታር በአስር ኩንታሎች የሚቆጠር ስለሆነ ወጪውም ማጓጓዙም ቀላል አይደለም፣ ስለዚህ የትኛው ቃዳ መሬት በጣም እንደተጎዳና የትኛው ሊቆይ እንደሚችል ማወቅ ለገበሬው ትልቅ ነገር ነው። ይሄንን ነው እንግዲህ የተማሪ ጥናት በቀላሉ ሊነግረው የሚችለው!

ስራው እንዴት እንደሚሰራ ላላየ ሰው፣ ማሳው ላይ ዚግዛግ እየሄድን በመቆፈሪያ ከላይ እስከ 20 ሴንቲሜትር አፈር እናወጣለን፣ ከየቦታው የወጣውን ባልዲ ውስጥ ቀላቅለን ግማሽ ኪሎ የሚሆነውን ፌስታል ውስጥ እንከታለን፣ የማን ማሳ እንደሆነ በወረቀት ጽፈን አብረን እናስራለን (በእርሳስ ነው የሚጻፈው፣ እስክሪብቶ በእርጥበቱ ይፈሳል)። ከዛ ጥላ ስር ይደርቃል፣ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ይነፋል፣ 1 እጅ አፈር በ2.5 እጅ ውሃ ተበጥብጦ በፒኤች ሜትር ይለካል። ገበሬዎቹ ይሄንን ሁሉ ቆመው ያያሉ፣ ያግዛሉ፣ ይጠይቃሉ። እንደውም የሪሰርቼ ዋናው ጥያቄ የመጣው ከአንድ አባት ነው፣ ማሳቸው መሀል ላይ ክብ ክብ ሆኖ ጤፉ ጠቆር ብሎ ጎልቶ የበቀለበትን ቦታ እያሳዩኝ «ይሄ ከሰል ያከሰልንበት ቦታ ነው ልጄ፣ ሌላው ማሳ ቀጭጮ ይሄ ለምንድነው እንዲህ የሚያምረው?» አሉኝ። እኔ ፕሮፖዛሌ ላይ ዛፉ ያለበትንና የሌለበትን ማሳ ላወዳድር ነበር የጻፍኩት፣ የማክሰያውን ቦታ ለብቻው ልውሰድ የሚል ሀሳብ አልነበረኝም፣ አድቫይዘሬን አማከርኩትና ጨመርነው። አመዱ የአፈሩን አሲድ ስለሚቀንስ ነው ነገሩ፣ በሳይንሱ የታወቀ ነው፣ ግን እሳቸው መጽሐፍ ሳያነቡ በአይናቸው ደርሰውበታል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያቀረቡ ሰው መልሱን ካልሰሙ ጥናቱ ለማን ተሰራ?

ትልቁ ችግር ደግሞ የጊዜው ነገር ነው፣ ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም። አፈር የሚወሰደው እህል ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ሲሆን ጥርና የካቲት ላይ ነው፣ የላብራቶሪ ውጤቱ መጋቢት ወይ ሚያዝያ እጃችን ይገባል። ኖራ ከዘር በፊት ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት፣ ጤፍ ሀምሌ ላይ የሚዘራ ከሆነ ሚያዝያ የገባ ውጤት ፋይዳ አለው ማለት ነው፣ ገበሬው በጊዜ ቀበሌ ሄዶ ኖራ ይመዘገባል፣ አህያውንም ያዘጋጃል። እኛ ግን ያን ውጤት ላፕቶፕ ላይ አስቀምጠን ምዕራፍ 4 ምዕራፍ 5 እያልን እስከ ዲፌንስ እንቆያለን፣ ከዛ ሃርድ ኮፒው ተጠርዞ ላይብረሪ ይገባል፣ እሱም በእንግሊዝኛ ነው። ገበሬው በዛ ሰዓት ዘርቶ ጨርሷል። ቁጥሩ እኮ ተለክቶ ያለቀ ነው፣ ዲፌንስ ተደረገም አልተደረገም የሰውዬው ማሳ ፒኤች አይቀየርም፣ ታዲያ ለባለቤቱ ለመንገር ምን ያስጠብቃል?

ሌላም አለ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲህ የተማሪው ሀሳብ ሁሉ እሱ ላይ ሆኗል፣ አልፈርድበትም ካላለፈ ዲግሪውን አያገኝም፣ ግን በዚህ የተነሳ ሪሰርች እንደ ፎርማሊቲ መታየት ጀምሯል፣ በብር አሰርቶ የሚያስገባም አለ። አንድ ልጅ ውጤቱን ይዞ ሄዶ ለገበሬው ፊት ለፊት መናገር እንዳለበት አስቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ የተገዛ ወረቀት ይዞ ይሄዳል ብዬ አላስብም፣ ያ ገበሬ ማሳው ላይ ማን እንደመጣና ማን እንዳልመጣ ያውቃል።

እኔ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ውጤቱን በ2 ገጽ አማርኛ ጻፍኩት፣ ከጀርባው ለእያንዳንዱ ባለማሳ የራሱን ቁጥር በእጄ ሞላሁለት፣ ኖራ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም የሚለውን ከቀበሌው የግብርና ባለሙያ ጋር ተነጋግረን ጨመርንበት። አማርኛ ለሚከብዳቸው የአካባቢው ልጅ በአውኛ አስረዳልኝ። አንዲት እናት ወረቀቷን ተቀብለው አንብቢልኝ ብለው ልጃቸውን ጠሩ፣ ልጅቷ ጮክ ብላ ስታነብ ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሙና የመሬት ደብተራቸውን አውጥተው መሀሉ ላይ አጥፈው አስቀመጡት። የፎቶ ኮፒ ዋጋ ነው ያወጣሁት በቃ። መንገድ የማይመች ሲሆን ደግሞ በስልክም ይቻላል፣ ቁጥሩን ለባለሙያው መላክ ነው።

ይሄ አፈር ላይ ብቻ አይደለም። ጮቄ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተው ስለ አስታና ስለ ጅባራ ተክሎች የሚያጠኑ አሉ፣ ጣና ላይ ስለ እምቦጭ፣ ስለ ባህር ዛፍና ስለ ምንጭ መድረቅም የሚያጠኑ አሉ። ሁሉም ጋ መረጃ የሰጠ ሰው አለ።

ስለዚህ ለዲፓርትመንቶች የምለው ሁለት ገጽ አማርኛ ከሃርድ ኮፒው ጋር አብሮ እንዲገባ አስገድዱልን፣ አንዱ ኮፒም ጥናቱ በተሰራበት ቀበሌ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ይቀመጥ፣ የማሳ ውጤት ያለበት ጥናት ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ከሚያዝያ ሳያልፍ ለባለቤቱ ይነገር። አድቫይዘሮቻችን ስንት ተማሪ ይዛችሁ እንደምትደክሙ አይቻለሁ፣ ይሄን አንድ ነገር ግን ፕሮፖዛል ስታጸድቁ «ለማን ነው መልሰህ የምትናገረው?» ብላችሁ ብትጠይቁ ይበቃል።

ለናንተ ለዝግጅት ክፍሉ ደግሞ፣ በየሳምንቱ ከምታወጡት ጋዜጣ በምረቃ ሰሞን እንኳን ግማሽ ገጽ ለተመራቂዎች ጥናት ስጡን፣ ተራ ሰው በሚገባው አማርኛ እንጽፋለን። ለገበሬዎቹ የሰጠሁትን ሁለት ገጽ የሰዎቹን ስም ሰርዤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላችኋለሁ፣ ከበዛባችሁ መግቢያውን ቁረጡትና ስለ ኖራውና ስለ ማክሰያው ቦታ ያለውን አውጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር
ተመራቂ ተማሪ፣ ከአዲስ ቅዳም