ልጄ፣ የሆቴሉን ምግብ ከመክፈልሽ በፊት

ልጄ፣

እንዴት ናችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጣርማ በር ጉም ለብሶ ነው የሚውለው፤ ደብረ ሲናም ዝናቡ አልተቻለም።

የላክሽውን የዛንዚባር ሪዞርት ዋጋ ከአባትሽ ጋር አየነው። ኦል ኢንክሉሲቭ የሚሉትን ልትከፍሉ እንዳሰባችሁ ነግረሽኛል። ቁርሱም፣ ምሳውም፣ እራቱም፣ መጠጡም ቀድሞ ተከፍሎ ሳይጨነቁ መዝናናት ደስ ይላል። ግን እስቲ ቀኑን ተመልከቺው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 እኮ ፍልሰታ ነው! የእናንተ እረፍት እዚያው መሃል ነው የገባው።

እንደምትጾሙ አውቃለሁ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት የለም፤ በእኛ ቤት ዓሣም አይበላም። መጠጥም አትቀምሱም። እኔ በምግብ ቤት የምተዳደር ሰው ነኝና ሒሳቡን ልንገርሽ። እንዲህ ያለ ሆቴል ዋጋ የሚያወጣው በአማካይ ነው። አንዱ ሲጠጣ ያመሻል፣ ሌላው ሰላጣ ቀማምሶ ይነሳል፤ ሁለቱም እኩል ይከፍላሉ። እናንተ እዚያ ብትገቡ የማታውቁትን ሰው የቢራና የውስኪ ሒሳብ እየዘጋችሁ ነው። ከቡፌው የሚተርፋችሁ ሩዝ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ብቻ ነው።

ቁርስ ያለውን ብቻ እንውሰድ ብትይም አያዋጣም። እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው የጠዋት ቁርስ ምን ይሠራለታል?

ደግሞ ሆቴሉ የት እንዳለ እዪ። ኑንግዊ መንደር አጠገብ ከሆነ በእግር ወጣ ብላችሁ የምትበሉት አታጡም። ከመንደር ርቆ ብቻውን ያለ ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ እራት ታክሲ መክፈል ነው። ያኔ እራቱን ከሆቴሉ ጋር ተስማሙ፣ እኔም አልከራከርም። ትንንሽ ልጆች ቢኖሯችሁ ኖሮማ ሁሉን ያካተተውን ውሰዱ ነበር የምለው።

ስቶን ታውን፣ የዛንዚባር አሮጌው ከተማ፣ በምታድሩበት ቀን ግን ለሆቴል ምግብ አንድ ብር እንዳታወጡ። ማታ ማታ ፎሮዳኒ በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ምግብ ሻጮች ይደረደራሉ። ሸንኮራ አገዳ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር እየጨመቁ ይሸጣሉ። ኡሮጆ የሚባል ኮምጠጥ ያለ ሾርባ አላቸው፣ ድንች ይገባበታል። እንቁላልና ሥጋ ስለሚጨምሩበት ያለ እሱ አድርጉልን በሉ። ቦሎቄ በኮኮናት ወተት ይሠራሉ፤ ይህ እንግዲህ ለእናንተ የተፈጠረ የጾም ወጥ ነው። ቻፓቲ ስታዙ በዘይት ይሁን በቅቤ የተጋገረ ጠይቁ። ዋጋም ሳትጠይቁ አትዘዙ። አገሬው አብዛኛው ሙስሊም ነውና ከተማ ስትወጪ ትከሻሽን ሸፈን አድርጊ።

አሁን ለሆቴሉ ጻፊላቸው። ያለ ምግብ ክፍሉ ብቻ ስንት ነው? ቁርሱን በእራት ይለውጡላችኋል? የጾም ምግብ ለይተው ይሠራሉ? የመጠጥ ውኃስ ከዋጋው ውስጥ ነው? በክፍሉ ብቻና በኦል ኢንክሉሲቭ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ለቀኖቹ አካፍዪው፤ ለሁለታችሁ በቀን ስንት እንደሚደርስ ታያለሽ። ነሐሴ እዚያ ቱሪስት የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ ክፍሉን ቶሎ ያዢ። የምግቡ ክፍያ ግን መልሳቸው እስኪመጣ ይቆይ።

ለመንገድ የሚሆናችሁን ኮሎ ቆልቼ በሰው እልካለሁ። መልሱ እንደደረሰሽ ደውይልኝ፤ ማታ ቤቱን ከዘጋሁ በኋላ ቢሆን ይመቸኛል።

እናትሽ፣
ከደብረ ሲና