በስቱኮ ስለተሸፈነው የአባቴ መኪና ወለል የቀረበ ቅሬታ

ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለጋራዡ ባለቤት
አዳማ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ከመጻፌ በፊት ሦስት ጊዜ ጋራዣችሁ ድረስ መጥቻለሁ። የደወልኩትን አልቆጠርኩትም። እርስዎን አንድ ቀን እንኳ ላገኝዎት አልቻልኩም። "ፎርማኑን አናግረው" እባላለሁ፣ ፎርማኑ ደግሞ "ነገ ና" ይለኛል። ስለዚህ ሁሉንም ከመጀመሪያው ልጻፍልዎት። ረዘም ይላል፤ እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

መኪናዋን ያስታውሷታል። ሰማያዊዋ ፎርድ ማስታንግ ናት፣ በፈረንጅ 1967 የተሠራችው። አባቴ በ1965 ዓ.ም. ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ ሰው ነው የገዛት። እኛ ልጆቹ በዚያች ጠባብ የኋላ ወንበሯ ተደራርበን ሶደሬ ስንሄድ ነው ያደግነው። በ1984 የውሃ ፓምፗ ተበላሸ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆመች። አባቴ ሸራ አለበሳት። "ትነሳለች" ይል ነበር። ሳትነሳ እሱ አረፈ።

በ2014 ሸራውን የገለጥኩት እኔ ነኝ። ሞተሩ ተጣብቆ አልዞር ብሎ ነበር። 289 የሚባለው ባለ 8 ሲሊንደር፣ 4.7 ሊትር ሞተር ነው። ካንዴላዎቹን ፈትቼ በየቀዳዳው ናፍጣና የሞተር ዘይት ቀላቅዬ ጨመርኩና ሦስት ሳምንት ተውኩት። ከዚያ በረጅም ቁልፍ ክራንኩን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ወዲህና ወዲያ፣ ቀስ እያልኩ፣ ሳላስገድደው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጣት ውፍረት ያህል ዞረ። አጠገቤ ባትሪ ይዛልኝ የቆመችው ልጄ እልል አለች፤ እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ካርቡራተሩን በቀጭን ሽቦ እያንዳንዷን ቀዳዳ አጸዳሁ። ቤንዚን ታንከሩን አውርጄ አጠብኩት (የታንከሩ ጣሪያ ራሱ የዕቃ መጫኛው ወለል ነው፣ ለዚህ ነው ያ ቦታ እንዳይበሰብስ የሰጋሁት)። ፍሬኑን በሙሉ ቀየርኩ። የካንዴላ ገመዶቹን ቅደም ተከተል፣ 1-5-4-2-6-3-7-8፣ ልጄ እስክሪብቶ ይዛ ግድግዳ ላይ ጻፈችው፤ እስካሁን አለ። ጥር 2016 ላይ ተነሳች። ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

ይህን የምነግርዎት መኪናዋ ወደ እናንተ ስትመጣ ምን ያህል ድካም እንደነበረባት እንዲያውቁ ነው። ሞተር እችላለሁ። ብየዳ አልችልም። ላሜራ ሥራ የራሱ ሙያተኛ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሰው ጠይቄ፣ "እነሱ ጎበዞች ናቸው" ተብዬ እናንተ ጋ መጣሁ።

አሁን ወደ ነገሩ። ፎርማናችሁ "ወለል ወለል ነው" ስላለኝ ይህን በጽሑፍ ማስረዳት አለብኝ። ፒክአፕ ወይም ላንድክሩዘር ሲሆን አካሉ የሚቀመጠው በወፍራም የብረት ሻንሲ ላይ ነው። ወለሉ ቢበሰብስ እንኳ መኪናው በሻንሲው ይቆማል። ማስታንግ ግን እንደዚያ ያለ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም። የወለሉ ላሜራ፣ በበሮቹ ሥር ያሉት ሳጥን መሰል ብረቶች፣ ከፊትና ከኋላ የተበየዱት ተሸካሚዎች፣ ሁሉም አንድ ላይ ተያይዘው ነው ሞተሩንም ሰውንም የሚሸከሙት። ወንበሩ የሚታሰረው ከወለሉ ጋር ነው። ቀበቶውም እዚያው ነው። ስለዚህ ወለሏ ከተበላ መኪናዋ ወገቧ ተቆርጧል ማለት ነው።

ወለሉ ለምን ተበላ? ከፊት መስታወቱ ሥር አየር የሚገባበት ወንፊት አለ፣ ውስጡ የተዘጋ ሳጥን ነው። የዝናብ ውሃ በወንፊቱ ገብቶ በግራና በቀኝ ወደ ውጭ መውረድ አለበት። ቅጠል ሲሞላው ግን ውሃው ይቋጠራል፣ ሳጥኑ ከውስጥ ይዝጋል፣ ከዚያ ውሃው እግር ማሳረፊያው ላይ ይንጠባጠባል። የእነዚያ ዓመታት ማስታንጎች የታወቀ በሽታ ነው። አዳማ ደረቅ አገር ነው፣ ብረት እንደ ሌላው ቦታ ቶሎ አይበላም፤ እኛ ጋ ጥፋተኛው ኒሙ ነው። ከዚያ ሳጥን በእጄ አንድ ባልዲ ሙሉ የበሰበሰ ቅጠልና አፈር አውጥቻለሁ።

ይህን ሁሉ ጥቅምት 2017 ላይ መኪናዋን ሳስረክብ ለፎርማኑ በጣቴ እያሳየሁ ነግሬዋለሁ። ማኅተማችሁ ያረፈበት ወረቀትም እጄ ላይ አለ። እንዲህ ይላል፦ የተበላው ወለል ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይቀየራል፣ የመስታወት ሥር ሳጥን ተከፍቶ ይበየዳል፣ አንቲራስት ይቀባል፣ ከዚያ ቀለም። ዋጋው 185,000 ብር። ቀብድ 110,000 ከፈልኩ። ጊዜው 45 ቀን። ደግሞ ላሜራውን ከየትም እንዳትፈልጉ እህቴ ከአሜሪካ በካርጎ የላከችውን፣ ለዚህ መኪና ተብሎ በፋብሪካ የተጨፈለቀ የግራና የቀኝ ወለል፣ አዲስ፣ ከነጥቁር ቀለሙ አስረክቤያችኋለሁ። "2 የወለል ላሜራ" ተብሎ ተፈርሞበታል።

45 ቀኑ ሰባት ወር ሆነ። እሺ፣ መብራት ይጠፋል፣ በያጁ ታሟል፣ ተረዳሁ። ግንቦት ላይ "ጨርሰናል" ስትሉኝ መጣሁ። እውነት ለመናገር ቀለሙን ሳይ እንባዬ መጣ። ፋብሪካው አካፑልኮ ሰማያዊ የሚለው፣ አባቴ የሚወደው ያው ሰማያዊ ነው። ቀለሙን የቀባው ልጅ እጁ ይባረክ፣ በእሱ ሥራ አንዲት ቅሬታ የለኝም፣ ይህንንም ንገሩልኝ። ቀሪውን ብር ቆጥሬ ሰጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ጀመረ። በሁለተኛው ዝናብ የፊት ምንጣፉ ረጠበ። አንድ ጆግ ውሃ ወንፊቱ ላይ አፈሰስኩና ልጄን ውስጥ አስቀምጬ "ንገሪኝ" አልኳት። አስር ድረስ ሳልቆጥር "አባዬ እግሬ ላይ!" አለች። ከበሩ በታች ቀለሙ እንደ ብጉር ማበጥ ጀምሮ ነበር። ማግኔት አምጥቼ ወለሉ ላይ አስጠጋሁ፤ እዚህ ይይዛል፣ እዚያ ይወድቃል። ማግኔት ብረት ካላገኘ አይይዝም። በካቻቢቴ ጫን ስለው ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ስቱኮ ነው። ወፍራም ስቱኮ፣ እንደ ቤት ግድግዳ የተለሰነ።

ክሪክ አድርጌ ከሥር ገባሁና ጥቁሩን ቀለም ፋቅኩት። የምግብ ዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ነው የለጠፋችሁት። የጣሳው ጽሑፍ እስካሁን ይነበባል፣ ፎቶው አለኝ። የዛገው ላሜራ እንዳለ ነው፣ አልተቆረጠም። በላዩ የጣሳ ቆርቆሮ፣ በቆርቆሮው ላይ ስቱኮ፣ በስቱኮው ላይ ያ የሚያምር ቀለም። የመስታወት ሥር ሳጥኑ ጭራሽ አልተከፈተም። ስቱኮ እኮ ንጹሕ ብረት ላይ ትንሽ ጉድለት ለማስተካከል ነው፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር፣ ከዚያ አይበልጥም። ከሥሩ ዝገት ካለና ውሃ ካገኘ እርጥበቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ብረቱ ከበፊቱ የባሰ ይበላል። 30 ዓመት ዛፍ ሥር ቆማ ያልሞተችውን ክፍል በሁለት ክረምት ትጨርሱታላችሁ።

እህቴ የላከችው ላሜራስ የት ገባ? ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ። አንዱ "መጋዘን ነው" ይላል፣ ሌላው "ተጠቅመንበታል" ይላል። አልተጠቀማችሁበትም። ከሥር ገብቼ አይቻለሁ።

በዚህ ወለል ላይ ልጄን አስቀምጬ ሞጆ ድረስ ሄጃለሁ። ሁለት ጊዜ። ወንበሯ ከዘይት ጣሳና ከስቱኮ ጋር ነው የታሰረው። ይህን ሳስብ ሌሊት እነቃለሁ። ለዚህ ነው የምቆጣው፣ ከብሩም በላይ።

ሌላው የሻንሲ ቁጥሩ ነው። በዚህ መኪና ቁጥሩ የተመታው ኮፋኖው ሲከፈት በሾፌሩ በኩል ካለው የውስጥ ላሜራ ላይ ነው። በ7 ይጀምራል፣ ያ 1967 ማለት ነው፤ መሐል ላይ ያለው ሲ ደግሞ 289 ሞተር መሆኗን ይናገራል። እናንተ እዚያ ቦታ ላይ ግራይንደር አስኬዳችሁ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች ጠፍተዋል፣ ሦስተኛው በመከራ ይታያል። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥርና መኪናዋ ላይ ያለው ካልተገናኙ ቦሎ እንዴት አወጣለሁ? ለዓመታዊ ምርመራ ስወስዳት ተቆጣጣሪው በእጅ ባትሪ ሲያይ ቆይቶ "ይህ የተነካ ቁጥር ነው፣ ማስረጃ አምጣ" አለኝ። ሰው እንደ ሌባ ሲያየኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። በሾፌሩ በር ጠርዝ ላይ በሪቬት የተመታችው የፋብሪካ ሳህንም የለችም፤ የቀለሙ፣ የወንበሩ፣ የካምቢዮው ኮድ ሁሉ እሷ ላይ ነው ያለው። በሩን ስትቀቡ ነቅላችሁ ጥላችኋታል። ገበያ ላይ የምትገዛ ነገር አይደለችም።

የብሎኖቹን በአጭሩ ልበለው። ይህች መኪና በሚሊ ሜትር አይደለም የተሠራችው፣ በኢንች ነው። ሳስረክብ በኢንች የሆኑ ቁልፎቼን አብሬ ሰጥቼ ነበር፤ ከድሮ የአሜሪካ ትራክተር ጠጋኝ አዛውንት ለምኜ ያገኘኋቸው ናቸው። ልጆቹ በ13 ሚሊ ሜትር ቁልፍ የግማሽ ኢንቹን ብሎን ፈትተው ጭንቅላቱን አክብበውታል። የጠፉትን የፓራፋንጎ ብሎኖች ደግሞ በ8 ሚሊ ሜትር ተክተው አስገድደው አጥብቀዋል። ውፍረታቸው ይቀራረባል፣ ጥርሳቸው ግን አይገጥምም፣ ስለዚህ የመኪናዋን ጥርስ በልተውታል። ቀኝ ፓራፋንጎ አሁን ስትሄድ ይንቀጠቀጣል።

ይህን ይዤ ስመጣ ፎርማናችሁ ያለኝን ቃል በቃል ልጻፍ፦ "ጋሼ፣ አሮጌ መኪና እኮ ናት፤ ደግሞ ከሥር ማን ያያታል?" አጠገቡ የቆሙት ተለማማጅ ልጆች ሰሙ። እኔን ያሳዘነኝ የእነሱ መስማት ነው። ነገ እነሱም በያጅ ይሆናሉ፣ የሰው ፍሬንና የሰው ወለል ይነካሉ። እርስዎ ይህን ቃል በጋራዥዎ ውስጥ የሚፈልጉት አይመስለኝም።

የምጠይቀው ይህን ነው። መጀመሪያ እርስዎ ራስዎ መጥተው ከሥር ይግቡና ይዩ፤ ቤቴ ሩቅ አይደለም፣ ቡና አፍልተን እንጠብቅዎታለን። ሁለቱን የወለል ላሜራዎች መልሱልኝ፣ ካልተገኙ ዋጋቸውንና የካርጎውን ክፈሉ። ቆርቆሮውና ስቱኮው ተነቅሎ፣ የዛገው ተቆርጦ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ሥራ ይሠራ፣ ስትበይዱ እኔ እዚያው እቆማለሁ። ይህን ማድረግ አንችልም ካላችሁ ከ185,000ው ብር የቀለሙን ድርሻ ቀንሳችሁ ቀሪውን መልሱ፣ ሌላ በያጅ እፈልጋለሁ። ስለ ሻንሲ ቁጥሩ ደግሞ ብረቱ በእናንተ ጋራዥ፣ በሥራ ላይ፣ በስህተት እንደተፋቀ የሚገልጽ በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ጻፉልኝ። ይህኛው ምንም ወጪ የለውም፣ ነገ ሊሆን ይችላል። የበሩን ሳህን ፈልጉልኝ፣ በየሳጥኑ፣ በየጥራጊው፣ እባካችሁ።

ፎቶዎቹን፣ የተፈራረምነውን ወረቀትና የከፈልኩበትን ደረሰኝ ቅጂ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። እስከ ነሐሴ 30 መልስ ካላገኘሁ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ። እዚያ ባንደርስ እመርጣለሁ።

መኪናዋ አሁን ግቢ ውስጥ ናት፣ ከኒሙ ርቃ፣ ላስቲክ ለብሳ። ወንበሮቹን አውጥቼአቸዋለሁ። ቅዳሜና እሑድ ቀኑን ሙሉ ቤት አለሁ፣ በሌላው ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ የሰማያዊዋ ማስታንግ ባለቤት